የኤውሮፓ ኅብረት ዜጎችና ቤተ ሰቦቻቸው ከአገር አገር ስለ መዘዋወርና ስለ መኖር ያላቸው መብት

ወደ ኤውሮፓ ዕቃ በሚልኩና ከዚያም በሚያስመጡ ነጋዴዎች ዘንድ አንድ ሐሳብ ተደጋግሞ ይሰማል፤ ይኸውም ከኤውሮፓ አገሮች ባንዱ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ሰው በሌሎቹም ሁሉ እንደ ልቡ ሊሠራና ሊነግድ ይችላል የሚል ነው። ሐሳቡ ጥቂት እውነት ስላለበት ከፍጹም ስሕተት ይልቅ ይጎዳል። በሮማ የሚኖር ዘመዱን በሐምቡርግ ወኪል አድርጎ የሾመ ነጋዴ፣ የመጋዘን ኪራይ ከፍሎ ቡናውን ካስጫነ በኋላ ወኪሉ በጀርመን አገር ለመሥራት ፈቃድ የሌለው መሆኑ ቢነገረው፣ ኪሳራውን የሚሸከመው ራሱ ነው። ስለዚህ መብቱ የማን እንደ ሆነና እስከ ምን እንደሚደርስ ለይቶ ማወቅ ይገባል። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መብቱ የተወለደው ከገበያ ነው። ቤልጅግ፣ ፈረንሣይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ኢጣልያ፣ ሉክሳምቡርግና ሆላንድ ማርች 25 ቀን 1957 በሮማ ከተማ የጋራ ገበያውን ውል ሲፈራረሙ፣ ዕቃና ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛም ድንበር ሳያግደው እንዲዘዋወር ተስማሙ። በደቡብ ኢጣልያ ሥራ ያጣ ሰው በዝቶ ሳለ የሰሜኑ ማዕድንና ፋብሪካ ሠራተኛ ይፈልግ ነበርና። የሠራተኞቹ ደንብ በ1968 ተሟልቶ ወጣ። በ1992 በማስትሪኽት የተፈረመውና በ1993 የጸናው ውል ደግሞ «የኅብረቱ ዜግነት» የሚባለውን ስላቆመ፣ መብቱ ከሠራተኛነት አልፎ ለዜጋ ሁሉ ሆነ። ዛሬ የሚሠራበት ዋናው ሕግ በ2004 የወጣው መመሪያ ነው።

በዚህ መመሪያ መሠረት የኅብረቱ ዜጋ በሌላ አባል አገር እስከ ሦስት ወር ድረስ ፓስፖርት ወይም የመታወቂያ ወረቀት ከመያዝ በቀር ሌላ ነገር አይጠየቅም። ከሦስት ወር በላይ ለመቀመጥ ግን ተቀጥሮ የሚሠራ ወይም በራሱ ሥራ የሚተዳደር መሆን አለበት፤ ይህ ካልሆነ በዚያ አገር የድጎማ ሸክም እንዳይሆን የሚበቃ ገቢና የሕክምና ኢንሹራንስ እንዳለው ያስረዳል። ተማሪም የሕክምና ኢንሹራንስ ኖሮት በታወቀ ትምህርት ቤት ከተመዘገበና የሚበቃ ገቢ እንዳለው በቃሉ ካረጋገጠ ይፈቀድለታል። አምስት ዓመት ሳያቋርጥ በሕግ የኖረ ቋሚ ነዋሪ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ገቢው አይጠየቅም። ይህን መብት የሚያጣው ከዚያ አገር በተከታታይ ከሁለት ዓመት በላይ ሲርቅ ነው።

ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የሚነካው ስለ ቤተ ሰብ የተነገረው ክፍል ነው። ቤተ ሰብ የሚባሉት የትዳር ጓደኛ፣ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ወይም በወላጅ የሚረዱ ልጆች፣ እንዲሁም በዜጋው ወይም በትዳር ጓደኛው የሚጦሩ ወላጆች ናቸው። እነዚህ ሰዎች የየትኛውም አገር ዜጎች ቢሆኑ ዜጋውን ተከትለው ለመግባት፣ አብረው ለመኖር፣ ተቀጥረው ለመሥራትና ሱቅ ለመክፈትም መብት አላቸው። የመግቢያው ቪዛ ያለ ክፍያና በተፋጠነ አሠራር ይሰጣል። የመኖሪያ ካርዱም ማመልከቻው ከገባ ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ መሰጠት አለበት። ዝምድናን የሚያስረዳ ሰነድ ስለሚጠየቅ፣ ጋብቻቸውን በሽማግሌ ወይም በቤተ ክርስቲያን ፈጽመው ያላስመዘገቡ ሰዎች አስቀድመው ቢያስመዘግቡ ከብዙ ምልልስ ይድናሉ።

ነገር ግን ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነጥብ አለ። ይህ ሕግ የሚሠራው ዜጋው ከገዛ አገሩ ወጥቶ በሌላ አባል አገር ሲኖር ነው። ጀርመናዊ ያገባች ኢትዮጵያዊት ከባልዋ ጋር በብራስልስ ብትኖር የኅብረቱ ሕግ ይጠብቃታል፤ በሙኒክ ብትኖር ግን የሚገዛት የጀርመን የራሱ የውጭ አገር ሰዎች ሕግ ነው፤ እርሱም የቋንቋ ፈተናን የመሰለ ተጨማሪ ግዴታ ሊጥል ይችላል። የገዛ ዜጋ ከእንግዳ ያነሰ መብት ማግኘቱ እንግዳ ነገር ቢመስልም ሕጉ እንዲሁ ነው። ሆኖም በሉክሳምቡርግ የተቀመጠው የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ1992 በሰጠው ፍርድ፣ በሌላ አባል አገር ሲሠራ ቆይቶ ከትዳር ጓደኛው ጋር ወደ አገሩ የሚመለስ ዜጋ በኅብረቱ ሕግ ሊጠቀም እንደሚችል ወስኗል።

ጋብቻው ቢፈርስስ? ትዳሩ የፍቺው ክስ እስከ ቀረበበት ቀን ቢያንስ ሦስት ዓመት ከቆየና ከዚህም አንዱ ዓመት በዚያው አገር ያለፈ ከሆነ፣ የውጭ አገር ዜጋ የሆነው ወገን የመኖር መብቱ አይቋረጥም። ዜጋው ቢሞትም ከሞቱ በፊት በዚያ አገር አንድ ዓመት በቤተ ሰብነት የኖረ ሰው እንዲሁ ነው። በሁለቱም ጊዜ ግን ቋሚ ነዋሪነት እስኪያገኝ ድረስ ሠርቶ የሚያድር ወይም የሚበቃ ገቢ ያለው መሆኑን ማስረዳት አለበት። በትዳር ጓደኛው ስም ሱቅ ለከፈተ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ተነሣው የሮማ ወኪል እንመለስ። ይህ ሰው ኢጣልያዊ ዜግነት ካለው ሐምቡርግ ገብቶ ሊነግድ ይችላል። የኢጣልያ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ካለው ግን በሌሎቹ የሼንገን አገሮች ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን በጎብኝነት ከመቆየት በቀር ሥራ የመክፈት መብት የለውም። አምስት ዓመት ኖሮ በ2003 መመሪያ መሠረት የረጅም ጊዜ ነዋሪነት ያገኘ እንደ ሆነ ወደ ሌላ አገር ለመዛወር ሊያመለክት ይችላል፤ ያም አገር የሥራ ገበያውን መርምሮ ይወስናል። ዴንማርክና አየርላንድ በዚህ መመሪያ ውስጥ የሉበትም።

የለንደን ወኪል ያላቸው ነጋዴዎችም ልብ ማለት ይገባቸዋል። እንግሊዝ ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ከኅብረቱ ወጥታ የመሸጋገሪያው ጊዜ በዚያው ዓመት መጨረሻ ስላበቃ፣ የእንግሊዝ ፓስፖርት ብቻውን በአምስተርዳም ለመቀመጥና ለመሥራት አያበቃም። ኖርዌይና አይስላንድ የኅብረቱ አባል ባይሆኑም በዚሁ የመዘዋወር ሕግ ይተዳደራሉ፤ ስዊስም በ2002 የጸና የራስዋ ውል አላት።

ወኪል ሲሾም የሚታየው ወረቀት ፓስፖርቱ ወይም ካርዱ ነው። በመመሪያው መሠረት ለቤተ ሰብ የሚሰጠው ካርድ ባለቤቱ የኅብረቱ ዜጋ ቤተ ሰብ መሆኑ ተጽፎበት ብዙውን ጊዜ ለአምስት ዓመት ያገለግላል፤ ለመሥራት የሚያስችለውም ካርዱን በሰጠው አገር ነው።