ጃቫን በራስበሪ ፓይ ላይ ስለ መጫንና ዕትሞቹን ስለ መምረጥ

ይህን ማስታወሻ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በአንድ የክፍል ጓደኛዬ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ጓደኛዬ የክፍሉን ሙቀት በየሰዓቱ የሚመዘግብ ፕሮግራም በጃቫ ጽፎ፣ ራስበሪ ፓይ በምትባለው፣ መላ አካሏ በአንድ ሰሌዳ ላይ በተሠራ ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ሦስት ሳምንት አሠራው። ከዚያም አንዲት መሥመር አርሞ ቢያስነሣው ፕሮግራሙ እምቢ አለ። መኪናይቱ ተበላሽታለች ብሎ ካርዷን ደምስሶ ሁሉን እንደገና ሊጭን ሲነሣ ደረስሁ፤ የሦስት ሳምንቱ ልኬት ግን የተቀመጠው በዚያው ካርድ ላይ ብቻ ነበር።

ነገሩ ብልሽት አልነበረም። እንደሚታወቀው የጃቫ ሥራ በሁለት የተከፈለ ነው። «ጃቫክ» የሚባለው ተርጓሚ ሰው የጻፈውን ወደ አንድ መካከለኛ ቋንቋ ይመልሳል፤ «ጃቫ» የሚባለው አስኪያጅ ደግሞ ይህንኑ አንብቦ ይፈጽማል። ተርጓሚው በሚያወጣው ፋይል መጀመሪያ ላይ ቁጥር ያኖራል፤ ይኸውም በዕትሙ ቁጥር ላይ 44 በመደመር የሚገኝ ነው። ስለዚህ የ8ኛው ዕትም 52፣ የ11ኛው 55፣ የ17ኛው 61፣ የ21ኛው 65 ይሆናል። አስኪያጁ ከራሱ የሚበልጥ ቁጥር ያየ እንደ ሆነ ፋይሉን አይቀበልም። በጓደኛዬ መስኮት ላይ የወጣውም ቃል ይኸው ነበር፦ ፋይሉ 61፣ አስኪያጁ የሚያውቀው እስከ 55።

ታዲያ በአንዲት መኪና ላይ ሁለቱ እንዴት ተለያዩ? የራስበሪ ፓይ ሥርዐት ከዴቢያን የተወሰደ በመሆኑ፣ ብዙ ዕትሞች በየራሳቸው ማኅደር ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። «ጃቫ» ብለን ስንጽፍ የምንጠራው እንግዲህ ወደ አንደኛው የሚያመለክት ጠቋሚ ነው። «ጃቫክ»ም የራሱ ጠቋሚ አለው። ጓደኛዬ ለሌላ ትምህርት ሲል የጃቫን ጠቋሚ ወደ 11ኛው አዙሮ፣ የጃቫክን በ17ኛው ላይ ረስቶት ኖሯል።

ጠቋሚውን የሚያዞረው ትእዛዝ (በላቲን ፊደል የሚጻፍ ነው) «ሱዶ አፕዴት-ኦልተርናቲቭስ --ኮንፊግ ጃቫ» ይባላል። የተጫኑትን ዕትሞች በተራ ቁጥር ይዘረዝራል፤ በሥራ ላይ ያለው ኮከብ አለበት። ቁጥሩን ከመረጡ በኋላ ይህንኑ ለጃቫክ መድገም ነው። ሰው በእጁ ካልመረጠ ሥርዐቱ ራሱ ወደ አዲሱ ዕትም ያዞራል፤ አንድ ጊዜ በእጅ የተመረጠ ግን አዲስ ቢጫንም ከቦታው አይነቃነቅም። ሜቨንን የመሰሉ መሣሪያዎች ደግሞ «ጃቫ ሆም» የሚባል ስፍራ ከተሰየመላቸው ጠቋሚውን ትተው እርሱን ይከተላሉ።

ስለ አጫጫኑ ብዙ የሚባል የለም፤ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብሎ የጥቅሉን ስም ማስከተል ነው። ፕሮግራም ለማስኬድ ብቻ የሚሻ ሰው «ሄድለስ» የተባለውን አነስተኛ ጥቅል ቢወስድ የካርዱን ቦታ ይቆጥባል።

መኪናይቱ በእውነት የምትወቀስበት አንድ ጊዜ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣችው የመጀመሪያይቱ ራስበሪ ፓይና በ2015 የወጣችው ፓይ ዜሮ የአርም 6ኛ ትውልድ አንጎል ስላላቸው፣ በተለመደው መንገድ የተጫነ 11ኛ ዕትም ገና ሲነሣ 7ኛ ትውልድ ያስፈልገኛል ብሎ ይቆማል። በእነርሱ ላይ 8ኛውን መጫን ይሻላል።

የጓደኛዬ ግን አዲስ መኪና ነበረች። አስቀድመን ልኬቱን ወደ ሌላ ካርድ ገለበጥን፤ ከዚያም የጃቫን ጠቋሚ ወደ 17ኛው መለሰውና ፕሮግራሙ በዚያው ምሽት መመዝገቡን ቀጠለ።