በሁለት አገር የተሠራ፣ የማይደመር ዕድሜ

አንድ መምህር አዲስ አበባ ዘጠኝ ዓመት አስተምሮ ወደ አሜሪካ ሄደ እንበል። እዚያም ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ ለአገሪቱ የጡረታ ዋስትና፣ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ ከፈለና ሥራ አቆመ። በጠቅላላው ዐሥራ ስምንት ዓመት መዋጮ ከደመወዙ ተቆርጧል። ዕድሜው ሲደርስ ግን ከኢትዮጵያም ከአሜሪካም ወርሃዊ ጡረታ አያገኝም። ኢትዮጵያ ለወርሃዊ አበል ዐሥር ዓመት አገልግሎት ትጠይቃለች፤ አሜሪካም በራሷ አቆጣጠር ዐሥር ዓመት ትጠይቃለች፤ አንዷ የሌላዋን ዘመን አትደምርም።

ይህ የማንም ክፋት አይደለም። የጡረታ መዝገብ በየአገሩ ለብቻው ነው የሚያዘው፤ የአንዱ መዝገብ ከሌላው የሚገናኘው መንግሥታት ሲስማሙ ብቻ ነው። ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ የመጀመሪያው ስምምነት ከጣሊያን ጋር በ1978 ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ እንዲህ ያለ ስምምነት ያላቸው አገሮች 30 ደርሰዋል። ያ መምህር ዘጠኙን ዓመት ያስተማረው ሮም ቢሆን ኖሮ አሜሪካ የጣሊያኑን ዘመን ከራሷ ጋር ደምራ ለሠራላት ያህል ትከፍለው ነበር፤ ለዚህ የሚበቃው አንድ ዓመት ተኩል የአሜሪካ ሥራ ነው። ከ30ዎቹ ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። አንድም የአፍሪካ አገር የለም።

አውሮፓ ውስጥ ያሉ ወገኖቻችን በዚህ በኩል የተሻለ ዕድል አላቸው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ጀርመን አራት ዓመት፣ ጣሊያን ደግሞ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ዘመኑ ይደመርለታል፤ ጀርመን ብቻዋን አምስት ዓመት የምትጠይቅ ብትሆንም የአራቱን ዓመት ድርሻ ትከፍላለች።

ወደ አሜሪካው እንመለስ፤ አንባቢዎቻችን በብዛት የሚጠይቁት እሱን ነውና። ከደመወዝ 6.2 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ዘመኑ የሚለካው በክሬዲት ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. 1,810 ዶላር የሠራ አንድ ክሬዲት፣ 7,240 ዶላር የሠራ አራት ክሬዲት ያገኛል፤ በአንድ ዓመት ከአራት በላይ አይገኝም። ጡረታ የሚያስገኘው 40 ክሬዲት ነው። 39 ክሬዲት ይዞ የቆመ ሰው በራሱ ስም ወርሃዊ ጡረታ የለውም፣ ገንዘቡም አይመለስለትም። የተያዘው ክሬዲት ግን አይሰረዝም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሶ የጎደለችውን አንዷን ቢሠራ ይሞላለታል።

የክፍያው ስሌት ዘግይቶ ለሄደ ሰው የሚጨክንም የሚራራም ነው። የሚጨክነው የገቢው አማካይ በ35 ዓመት ስለሚወጣ ነው፤ ያልተሠራባቸው ዓመታት ዜሮ ሆነው ይገባሉ። የሚራራው ደግሞ ከአማካዩ የመጀመሪያው ክፍል 90 በመቶ ስለሚከፈል ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. 62 ዓመት የሚሞላው ሰው፣ በዓመት 42,000 ዶላር ለዐሥር ዓመት ብቻ ሠርቶ እንደሆነ፣ የወር አማካዩ 1,000 ዶላር ይወጣል፤ በ67 ዓመቱ በወር ወደ 900 ዶላር ያገኛል። ዐሥራ አምስት ዓመት ከሠራ ወደ 1,190 ይደርሳል። በ62 ልውሰድ ካለ ግን 30 በመቶ ይቀነስበታል። ዐሥሩን ዓመት በምትሞላው በመጨረሻዋ ክሬዲት ዜሮና 900 ዶላር ይለያያሉ። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ክሬዲት ቀርቶት “ደከመኝ፣ አገሬ ልግባ” ለሚል አባት፣ ልጆቹ ቁጭ ብለው ይህን ቁጥር ሊያሳዩት ይገባል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ በካሽ የሚሠራው ወገናችን ነው። ሬስቶራንት፣ ጽዳት፣ ልጅ ጥበቃ፣ ሁሉም የጉልበት ሥራ ነው፤ ታክስ ካልተከፈለበት ግን ለጡረታ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ታክሲና ኡበር የሚነዱትም ሌላ ችግር አለባቸው። የሚቆጠርላቸው ከተሳፋሪ የተቀበሉት ሳይሆን ወጪ ተቀንሶ የቀረው ትርፍ ነው። 45,000 ዶላር አስገብቶ የመኪና፣ የቤንዚን፣ የስልክ ወጪ አስቀንሶ 5,000 ብቻ ያስመዘገበ ሾፌር፣ ሙሉ ዓመት መሪ ላይ ውሎ ሁለት ክሬዲት ብቻ ይያዝለታል። እውነተኛ ወጪን ማስቀነስ መብት ነው። ታክስ የሚሠራው ሰው “አሳነስኩልህ” ሲል ግን ጡረታውንም አብሮ እያሳነሰው መሆኑን የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

ቤት ውላ ልጅ ያሳደገች ሚስት የራሷ ክሬዲት ባይኖራትም በባሏ መዝገብ እስከ ግማሽ ልታገኝ ትችላለች፤ ይህ የባልን ድርሻ አይቀንስም።

ጡረታ ወጥቶ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ መኖርስ? የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲው ኢትዮጵያም እያለ ይከፈለዋል። ዜግነት ያልወሰደ ሰው ከስድስት ወር በላይ ሲቆይ ሌላ ሕግ ስላለበት ከመሄዱ በፊት መጠየቅ አለበት። የአሜሪካ አረጋውያን የሕክምና መድን የሆነው ሜዲኬር አገር ቤት ሕክምና አይሸፍንም። ለችግረኛ አረጋውያን የሚሰጠው ኤስ ኤስ አይ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ከአገር ወጥቶ 30 ቀን ያለፈው ሰው ይቋረጥበታል። የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት በየጊዜው “በሕይወት አለህ ወይ፣ አድራሻህ የት ነው” የሚል ቅጽ በፖስታ ይልካል፤ መልስ ካላገኘ ክፍያው ይቆማል።

ተመልሰው ሥራ የሚጀምሩ ሁለት ነገር ይወቁ። ጡረታውን በ62 ጀምሮ ሙሉ የጡረታ ዕድሜው ሳይደርስ ኢትዮጵያ ውስጥ በወር ከ45 ሰዓት በላይ የሚሠራ፣ ሥራው ለአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ መዋጮ የማይከፈልበት ከሆነ የዚያን ወር ክፍያ ያጣል። አገር ቤት በግሉ የሚነግድ አሜሪካዊ ዜጋም ከአሜሪካ የገቢ ግብር ነፃ ቢሆን እንኳ የሶሻል ሴኩሪቲው መዋጮ አይቀርለትም፤ ሁለቱ አገሮች ስምምነት ስለሌላቸው።

አንድ የምሥራች ግን አለ። ከኢትዮጵያ መንግሥት ጡረታ የሚቀበል ሰው የአሜሪካው ድርሻ የሚቀነስበት ሕግ ነበር። ይህ ሕግ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ተሽሯል።

በአረብ አገር የሚሠሩት እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ደግሞ ጭራሹን መዝገብ የላቸውም ማለት ይቻላል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ጡረታ በመሠረቱ ለራሳቸው ዜጎች ነው፤ የውጭ ሠራተኛ የሚጠብቀው የሥራ ማብቂያ ክፍያ ብቻ ነው። በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ገንዘብ እየላከች ዐሥር ዓመት ብትቆይ ስትመለስ በኢትዮጵያ ሕግ የተቆጠረ አገልግሎት አይኖራትም። መንግሥታት ስለ ሠራተኛ ስምሪት ሲደራደሩ ከደመወዝ ቀጥሎ መነሳት ያለበት ጉዳይ ይህ ነው።

አሜሪካ ያለ ሰው ዛሬውኑ ሊያደርግ የሚችለው ግን አለ፦ በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ የራሱን መለያ ከፍቶ በየዓመቱ የተመዘገበለትን ገቢ ማየት። የጎደለ ዓመት ካለ ከአሠሪው የተቀበለውን የዓመቱን የደመወዝ ወረቀት፣ ደብልዩ ቱውን፣ ይዞ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይቅረብ። በግሉ የሚሠራ ደግሞ አይዘግይ፤ ገቢውን ሳያስመዘግብ ዓመቱ ካለቀ 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ካለፈው፣ በኋላ ታክሱን ቢከፍል እንኳ ያ ዓመት ለጡረታው አይገባለትም።