ማያ ወሽመጥ፦ ዋናው ጥያቄ የበሩ ነው

በታይላንድ ክራቢ ክፍለ ግዛት ፊፊ ሌ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ሰው አይኖርባትም። ከባሕሩ ቀጥ ብሎ የወጣ የኖራ ድንጋይ ገደል ዙሪያዋን አጥሯታል፤ በአንድ ወገን ግን ገደሉ ከፈት ይልና ባሕሩን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ከውስጥ ነጭ አሸዋ፣ ከፊቱ ጥልቀት የሌለው ጥርት ያለ ውኃ። ማያ ወሽመጥ የሚባለው ይኸው ነው። አሸዋው ከዳር እስከ ዳር ቢሄዱበት የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ይህቺን የምታህል ቦታ ከሃያ ዓመት በላይ ፍርድ ቤት አመላልሳለች፣ ጀልባ ነጂንና የባሕር ተመራማሪን አናክሳለች። ስንት ሰው ይግባ፣ ማን ይወስን፣ ገቢው ሲቀር ማን ይካስ የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም።

ጣጣው የጀመረው በፊልም ነው። ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ የሠራበት «ዘ ቢች» በ1999 እዚያ ሲቀረጽ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቦታው የብሔራዊ ፓርክ አካል ከሆነ ቆይቷል። ሆኖም የፊልም ሠሪው የፎክስ ኩባንያ ሰዎች አሸዋውን በማሽን ደለደሉ፣ የበቀለበትን ቁጥቋጦ ነቃቀሉ፣ በምትኩ የኮኮናት ዛፍ ተከሉ። ቦታው እንዳለ ቢቀረጽ ገነት አይመስልም ብለው ይሆናል። ያ የተነቀለው ቁጥቋጦ ግን ሥራ ነበረው፤ በዝናቡ ወራት ማዕበል ሲመታ አሸዋውን ጨብጦ የሚይዘው ሥሩ ነው። የአካባቢው አስተዳደሮች ኩባንያውንም፣ ፈቃዱን የሰጡትን የመንግሥት አካላትም ከሰሱ። በ2006 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳት መድረሱን አምኖ ጉዳቱ እንዲገመት አዘዘ። መቋጫው የተገኘው በ2022 ነው፤ ፎክስ ለማገገሚያ ሥራ 10 ሚሊዮን ባት ለመክፈል ተስማማ። ፊልሙ ሲወጣ የተወለደ ልጅ በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል።

ለእኔ ግን ከማሽኑ ይልቅ ዝናው የባሰ ጎድቷል። ፊልሙ በ2000 ከወጣ በኋላ ሰው ጎረፈ። ከ2018 በፊት በነበሩት ዓመታት በቀን እስከ 5,000 ሰው ይገባ ነበር። ሁሉም የሚገባው ደግሞ በወሽመጡ አፍ በኩል፣ በጀልባ ነው። የሞተሩ ጩኸትና ጭስ ይቅርና መልሕቁን ብቻ እንይ። ብረቱ ሲወረወር የሚያርፈው ኮራል ላይ ነው። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ ቅርንጫፋማው ዓይነት በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፣ ዝግተኛው ዓይነት አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። መልሕቁ ከወደቀ በኋላ ጀልባው በነፋስ ሲወዛወዝ ሰንሰለቱ ዙሪያውን ይጠርጋል። ሲነሳም የተሰበረውን ይዞ ይነሳል። የጀልባው ፕሮፔለር ከሥር የሚያቦካው አሸዋ ደግሞ የተረፈውን ኮራል ያለብሰዋል፣ ብርሃን ይከለክለዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ጠዋት፣ በብዙ ጀልባ፣ ለዓመታት ሲደጋገም ምን እንደሚተርፍ መገመት አያቅትም።

በጁን 2018 ወሽመጡ ለአራት ወር ተዘጋ። አራቱ ወር ሲያልቅ ግን ማገገሚያው ገና አልተጀመረም የሚባል ስለነበር ላልተወሰነ ጊዜ ተራዘመ። የጉብኝት ድርጅቶች አጉረመረሙ፤ እውነትም ነበራቸው፣ ካሳ ያሰበላቸው አልነበረም። የካሴትሳርት ዩኒቨርሲቲው የባሕር ሳይንቲስት ቶን ታምሮንግናዋሳዋትና ሌሎች ባለሙያዎች በበኩላቸው በጎ ፈቃደኞችን ይዘው የኮራል ቁራጭ ወደ መትከሉ ገቡ። ከሌላ ቦታ የተገኘ ጤነኛ ቁራጭ መሠረት ላይ ይታሰራል፣ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከዚያ ይጠበቃል። የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ደግሞ ማንም ያላቀደው ተጨማሪ ዕረፍት ተገኘ። ክንፋቸው ጥቁር ጫፍ ያለው የሪፍ (የኮራል አካባቢ) ሻርኮች ወደ ወሽመጡ ተመለሱ። ከአሸዋው ዳር ጉልበት በማይደርስ ውኃ ውስጥ የሚርመሰመሱ ግልገሎች ታዩ፤ ሲወለዱ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞሉም፣ ትልቅ ዓሣ እንዳይበላቸው ጥልቀት የሌለው ውኃ ይመርጣሉ። ሰው ሲንቦጫረቅ የሚውለውም እዚያው ላይ ነበር።

በጃንዋሪ 2022 ወሽመጡ ሲከፈት ወሬው ሁሉ ስለ ቁጥሩ ሆነ፤ በአንድ ዙር ይህን ያህል መቶ ሰው፣ ለአንድ ሰዓት፣ መዋኘት ክልክል። እኔ ከቁጥሩ ይበልጥ ትኩረት ይገባዋል የምለው በሩ መቀየሩን ነው። ጀልባ በወሽመጡ አፍ እንዳይገባ ተከለከለ። ተንሳፋፊ ማረፊያ በደሴቲቱ ጀርባ፣ ሎ ሳማ በሚባለው ጠባብ ቦታ ተሠራ፤ ጎብኚው እዚያ ወርዶ በእንጨት መረማመጃ ደሴቲቱን አቋርጦ አሸዋው ላይ ይደርሳል። አፉ ክፍት በሆነ ወሽመጥ ላይ ቁጥር መወሰን ወረቀት ላይ የሚቀር ነገር ነው፤ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ጀልባ ማን ቆሞ ይቆጥራል? መግቢያው አንድ ከሆነ ግን አንድ ጠባቂ ይበቃል።

ይህ ለሃዋይ ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም። በኦዋሁ ደሴት ያለው ሃናውማ ወሽመጥ የድሮ እሳተ ገሞራ አፍ ነው፤ አንዱ ግድግዳው ፈርሶ ባሕር ገብቶበታል። ሰው የሚገባው ከላይ፣ በየብስ በኩል፣ በአንድ መንገድ ነው። በ1967 የባሕር ጥብቅ ስፍራ ቢሆንም በ1980ዎቹ መጨረሻ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ሰው ይገባበት ነበር፤ ጎብኚው ኮራሉን ረግጦ ይቆማል፣ ዓሣውን ዳቦና አተር ያበላል። የከተማው አስተዳደር ሲነቃ ግን በሩ ዱሮውንም አንድ ስለነበር መቆጣጠሩ ቀለለው። ከ2002 ጀምሮ ማንም ወደ ውኃው ከመውረዱ በፊት አጭር ፊልም አይቶ ምን እንደማይነካ ይማራል፤ በሳምንት ውስጥም ወሽመጡ የሚያርፍበት ቀን አለው። አሁን ከሌላ ቦታ የሚመጣው ጎብኚ አስቀድሞ ቀጠሮ ይይዛል፣ 25 ዶላር ይከፍላል፤ የሃዋይ ነዋሪ በነፃ ይገባል። ይህ የነዋሪና የእንግዳ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። ቦታውን የሚጠብቀው ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤት ከተከፋ ደንብ አይቆምም።

በማያም ሰላም የወረደ እንዳይመስለን። ሎ ሳማ ራሷ አሁን የጀልባው ሸክም አርፎባታል፣ በዚያው ደሴት ያለው ፒሌ የሚባል ሐይቅ መሳይ ወሽመጥም ከማያ የተገታውን ሕዝብ ያስተናግዳል። በየዓመቱም ከኦገስት 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ማያ ይዘጋል፤ በእኛ ከሐምሌ 25 እስከ መስከረም 20 መሆኑ ነው። ለእነርሱም ክረምት ነው፣ ባሕሩ ይናወጣል፣ እንግዳም ይቀንሳል። የጉብኝት ድርጅቶቹ ይህን ዕረፍት የተቀበሉት ኪሳቸውን ብዙ ስለማይነካው ይመስለኛል። በገበያው ወራት ይዘጋ ቢባል መልሱ ሌላ ይሆን ነበር።

በር ማበጀት የማይቻልበት ወሽመጥም አለ። የቬትናሙ ሃሎንግ ከ1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ደሴቶቹም በሺሕ ቤት ይቆጠራሉ። ዩኔስኮ በ1994 የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። እዚያ ጎብኚው ከተጠያቂዎቹ አንዱ ብቻ ነው። ባሕር ዳሩ ላይ የድንጋይ ከሰል ማዕድን፣ ወደብና የሚያድግ ከተማ አለ፤ ውኃው ላይ ደግሞ የዓሣና የሼልፊሽ እርባታ። እርባታው ለማንሳፈፊያ ይጠቀምበት የነበረው ስታይሮፎም እየተፈረፈረ ወሽመጡን ነጭ ያለብሰው ነበር። በሴፕቴምበር 2024 ያጊ የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመታ እርባታውን በታትኖ ስብርባሪውን በየደሴቱ ጣለው። በጀልባ ላይ ይኖሩ የነበሩ ዓሣ አጥማጆች ከ2014 ጀምሮ ወደ የብስ እንዲሰፍሩ ተደርገዋል፤ ውኃውን ያጸዳል ተብሎ ነው፣ ለዘመናት ከውኃው ላይ የኖረ ሰው ግን ኑሮውን እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት። ሃሎንግን የሚያድነው ጎብኚ መቁጠር ሳይሆን ፍሳሽ፣ ማዕድንና እርባታ ላይ የሚወጣ ሕግና የሚያስፈጽመው ሰው ነው፤ ይህ ደግሞ የእንጨት መረማመጃ ከመሥራት እጅግ ይከብዳል።

ሙቀትም አለ። በኤፕሪል 2024 የአሜሪካ የባሕርና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት (ኖዋ) አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መድረሱን አስታወቀ። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራል ቀለምና ምግብ የሚሰጠውን ጥቃቅን አልጌ ይተፋል፣ ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየበት ይሞታል። በዚያ ዓመት ታይላንድ አንዳንድ የኮራል ቦታዎቿን ለጎብኚ ዘግታለች። መዝጋቱ ውኃውን አላቀዘቀዘውም፤ የደከመው ኮራል ላይ ሌላ ጉዳት እንዳይጨመር ብቻ ነው። ለማያም የሚበጀው ይህ ይመስለኛል፦ የዕረፍቱ ጊዜ በቀን መቁጠሪያ ብቻ ሳይሆን በውኃው ሙቀት እንዲወሰን፣ ሙቀቱ ሲወጣ በገበያው ወራትም ቢሆን እንዲዘጋ። ጀልባ ነጂው በዚያ ቀን ምን ይብላ የሚለው መልስ አላገኘም።