የበረታው ቋንቋ በደከመው ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ

ሁለት ቋንቋ የሚናገር ልጅ ብዙውን ጊዜ ሁለቱን እኩል አይችላቸውም፤ አንዱ ይበረታል፣ ሌላው ይደክማል። የሚበረታውም ሁልጊዜ አፍ የፈታበት ሳይሆን አዘውትሮ የሚሰማውና የሚናገርበት ነው። ልጁ በደከመው ቋንቋ ሲናገር ቃላቱን ከዚያው ቢወስድም፣ የአሰካካቸውን ሥርዐት ከበረታው ሊዋስ ይችላል። የሥነ ልሳን ሊቁ ዩሪየል ዋይንራይክ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን መሰሉን ተጽዕኖ «ጣልቃ ገብነት» በሚል ስም አብራርቶታል።

«ወንድሜ ትልቅ ቤት ሠራ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አስተውሉ። ቅጽሉ «ትልቅ» ከስሙ ይቀድማል፤ ማሰሪያ አንቀጹ «ሠራ» መጨረሻ ላይ ይውላል። አማርኛቸው የደከመ ሦስት ልጆች ይህንኑ እንዴት ሊሉት እንደሚችሉ ተመልከቱ።

ሀ. ኦሮምኛ የበረታለት፦ «ወንድሜ ቤት ትልቅ ሠራ።» በኦሮምኛ ግሡ እንደ አማርኛው መጨረሻ ላይ ይውላል፤ ቅጽሉ ግን «መነ ጉዳ» እንደሚባለው ስሙን ይከተላል።

ለ. በአሜሪካ አድጎ እንግሊዝኛ የበረታለት፦ «ወንድሜ ሠራ ትልቅ ቤት።» በእንግሊዝኛ ቅጽሉ እንደ አማርኛው ከስሙ ይቀድማል፤ ግሡ ግን ከተሳቢው በፊት ይመጣል።

ሐ. በእስራኤል አድጎ ዕብራይስጥ የበረታለት፦ «ወንድሜ ሠራ ቤት ትልቅ።» ዕብራይስጥ ግሡን ከተሳቢው ያስቀድማል፤ «ባይት ጋዶል» በማለትም ቅጽሉን ከስሙ ያስከትላል።

እንግዲህ ሦስቱም የተሳሳቱት በዘፈቀደ አይደለም፤ እያንዳንዱ የበረታለትን ቋንቋ ሕግ ጠብቋል።

አሁን ደግሞ ሦስቱም እኅታቸውን «አንቺ መጣሽ?» ብለው ሊጠይቁ ነው እንበል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «አንተ መጣህ?» ሊሉ ይችላሉ፤ የኦሮምኛው «አቲ» እና የእንግሊዝኛው «ዩ» ወንድና ሴት አይለዩምና። ዕብራይስጥ ግን ለወንድ «አታ»፣ ለሴት «አት» ስለሚል ሦስተኛው ልጅ ልዩነቱን ቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ የበረታው ቋንቋ ሥርዐቱ ሲለያይ ቢያሰናክልም፣ ሲመሳሰል ይደግፋል።

እንዲህ የሚናገር ጓደኛ ሲያጋጥማችሁ አትሳቁበት። የተሳቀበት ልጅ ዝምታን ይመርጣል፤ ያልተነገረበት ቋንቋም ይበልጥ ይደክማል። ይልቁንስ ሐሳቡን ተቀብላችሁ ትክክለኛውን ዐረፍተ ነገር በመልሳችሁ ውስጥ አሰሙት።

መልመጃ
1. «ወንድሜ ሠራ ቤት ትልቅ» የሚለውን አስተካክላችሁ ጻፉ፤ ያስተካከላችሁትንም በሰዋስው ስሙ ጥሩ።
2. በአማርኛ «መጣ» ስንል ባለቤቱ በግሡ ይታወቃል። ይህ ልማድ በእንግሊዝኛ ድርሰታችሁ ላይ ምን ስሕተት ሊያስከትል እንደሚችል በአንድ አንቀጽ አስረዱ።