ከጣና ዳርቻ ጥራጊን በታንኳ ስለ መልቀም

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ምድር የተዘረጋ፤ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ሐይቅ ነው። በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ በጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ዳርቻን አያጸዳም። በባሕር ዳር ከተማ በኩል ፌስታል፤ የፕላስቲክ ጠርሙስና ቈርቈሮ ከደንገሉ ሥር ተሰግስጎ ይታያል።

ይህ ጥራጊ የሚለቀምበት ጊዜ አለው። የሐይቁ ውሃ በበጋ እየጐደለ ሄዶ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል፤ ክረምቱ ሲገባ እየሞላ በመስከረም ግድም ከፍ ይላል። ስለዚህ በበጋ በደረቁ ዳርቻ የተኛውን ፌስታል በክረምት ውሃው ያነሣዋል፤ ከፊሉም በዓባይ መውጫ በኩል ወደ ጢስ ዓባይ ይወርዳል። ለቀማው ከክረምት በፊት ቢሆን ድካሙ ይቀላል።

ደንገል በበዛበት ስፍራ ደግሞ ታንኳ ከሁሉ ይመቻል። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከመምህራንና ከተማሪዎች ጋራ በታንኳ ወጥተን ይህንኑ ስንሠራ፤ አንድ ተማሪ እጁ ያልደረሰበትን ጠርሙስ ለማንሣት ጫማውን አውልቆ ወደ ውሃው ሊገባ ተነሣ። መምህሩም «ልጄ፤ ተመለስ፤ ጠርሙሱ ይቅር» ብለው ከለከሉት። ተማሪው «መምህር፤ ውሃው እኮ ከጉልበቴ አያልፍም» ሲል መለሰ። የመምህሩ ሥጋት ግን ስለ መስጠም አልነበረም።

በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ አለ። በሽታው ያለበት ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ የትሉ እንቍላል ከዓይነ ምድሩ ጋራ ወደ ውሃ ይገባል። ከእንቍላሉ የሚፈለፈለው ተሕዋስ በቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ በውሃው የቆመውን ሰው ቈዳ በስቶ ይገባል፤ ለዓይንም አይታይም። የሚበዛውም ጥልቀት በሌለው፤ ሣር ባለበትና በረጋ ውሃ፤ ይልቁንም ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ነው። ቸል ከተባለ አንጀትንና ጉበትን ይጐዳል። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ይፈውሰዋል፤ ዳሩ ግን የዳነው ሰው ወደዚያው ውሃ ቢመለስ እንደ ገና ይያዛል።

ስለዚህ ለለቀማ የሚወጡ ሁሉ ከታንኳው ሳይወርዱ፤ ጫፉ በታጠፈ ረጅም እንጨት እየሳቡ ይልቀሙ። ጓንት ያጥልቁ፤ ስባሪ ጠርሙስንና መርፌን በባዶ እጅ አይንኩ፤ የዛገ ብረት ያቈሰለውም ሰው ስለ መንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ጭነት አይብዛበት፤ ጉማሬ ከታየበት ስፍራም ይራቁ። ዋና የማይችል ሰው ተንሳፋፊ ሰደርያ ሳይለብስ አይሳፈር። ሥራው እንደ ተፈጸመም ምግብ ከመቅረቡ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ።

የተለቀመው ጥራጊ ጢሱ መርዛማ ስለሆነ አይቃጠል፤ ክረምት ስለሚያወጣውም በዳርቻው አይቀበር። ወደ ከተማው ጥራጊ መጣያ ይወሰድ።

የተከበራችሁ መምህራን! ከውሃው የምንለቅመው አብዛኛው ጥራጊ ከየመንገዱና ከየቦዩ በጐርፍ የወረደ ነው። ተማሪዎች የለቀሙትን እየቈጠሩ ከየት እንደ መጣ ቢመረምሩ ትምህርቱ ይጸናባቸዋል። ፌስታሉን ለቅሞ በሜዳ የሚጸዳዳ ሰው ግን ዳርቻውን አጸዳ አይባልም፤ መጸዳጃ ቤትና ለቀማ አብረው መሄድ አለባቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፤ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነውና፤ የሐይቁ ንጽሕናም የሁላችን ድርሻ ይሁን።