ጡረተኛውና ባሕረ ሐሳቡ

«ጋሼ፣ ቀኑን በምን ታሳልፈዋለህ?» ይሉኛል ወዳጆቼ በደወሉ ቁጥር። ጥያቄው ከአሳብ የመጣ እንደሆነ ይገባኛል። በስደት አገር ሥራ የፈታ ሽማግሌ ቴሌቪዥን ፊት ከመተከዝ ሌላ የሚያደርገው ያለ አይመስላቸውም። ዛሬ መልሴን በጽሑፍ ልስጥ፤ ምክንያቱም ጉዳዩ የእኔ ብቻ አይደለም። ውድ አንባቢያን፣ አብዛኞቻችሁ ቤታችሁ ውስጥ እንደኔ ያለ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት አላችሁና።

ዕድሜዬ 74 ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ፣ የልጅ ልጄን እስከ ትምህርት ቤት አውቶቡስ እሸኛለሁ። ከዚያ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደብተሬን ዘርግቼ ባሕረ ሐሳብ እቆጥራለሁ። ትምህርቱን በልጅነቴ ጎጃም ከየኔታ እግር ሥር ጀምሬው ነበር፤ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስገባ ተውኩት። እንደገና ያነሣሁት እዚህ አሜሪካ፣ በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ሌሊት ስሠራ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በዚያች ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ እንቅልፍን የሚያባርር ነገር ያስፈልግ ነበር።

ባሕረ ሐሳብ የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን የምናወጣበት ሒሳብ ነው። ትውፊቱ ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ብዙ ምሁራኖቻችን የቄሶች ምሥጢር አድርገው ይተዉታል እንጂ፣ መደመርና ማካፈል ለሚችል ሰው ክፍት ነው። የ2018 ዓ.ም.ን ላሳያችሁ።

2018 ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። ይህን ለ4 ስናካፍል 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው ማለት ነው። ለ19 ስናካፍል ደግሞ 13 ይተርፋል። ዓመቱ ገና ስላልተፈጸመ ሊቃውንቱ «ስለ ዘመን» ብለው አንድ ይቀንሳሉ፤ 12 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝተን በ30 ስንገድፈው አበቅቴ 12 ይወጣል። በ19 አባዝተን በ30 ስንገድፈው ደግሞ መጥቅዕ 18 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ አንድ ቦታ ተሳስተናል።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓሉ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። ስለዚህ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ነው፤ ዕለቱም እሑድ። የእሑድ ተውሳክ 7 ነው። 18 እና 7 ሲደመሩ መባጃ ሐመር 25 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባች ማለት ነው። ከዚያ 69 ቀን ስንቆጥር ፋሲካን ሚያዝያ 4 ላይ እናገኘዋለን፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 12 ቀን 2026።

በዚህ ሒሳብ የሚከራከረኝ አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ለየብቻ ቆጥረን በስልክ እንተያይ ነበር፤ የተሳሳተው ቡና ይጋብዛል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮናው ወቅት አረፈ። ከጊዜ በኋላ የቁጥር ደብተሩን ለመታሰቢያ እንዲሰጡኝ ልጆቹን ጠየቅሁ። ምን እንደሆነ ስላላወቁ ከአሮጌ ወረቀቶች ጋር ጥለውታል። አልፈረድኩባቸውም። እነሱ አባታቸው ምን እንደሚጽፍ ጠይቀውት አያውቁም፤ እሱም አስቀምጦ አስረድቷቸው አያውቅም። እኔም በራሴ ቤት ያንኑ ጥፋት ስፈጽም ነበር።

ስለ ባህላችን መጥፋት በየስብሰባው ብዙ እንናገራለን። እንደኔ አመለካከት ግን ባህል የሚጠፋው ጠላት ስለነጠቀን ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ጣራ ሥር እየኖርን ሳንጠያየቅ ስለምንቀርም ነው። በስደት የሚቻል ሥራ አይደለም እንዳይባል፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ባሕረ ሐሳብ» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሚኒሶታ ሆነው ነው።

ባለፈው ጊዜ የልጅ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ቁጥሩን አሳየኋት። ስልኳን አውጥታ በአንድ አፍታ ያንኑ ቀን አገኘችና «አባባ፣ ታዲያ ለምን ትደክማለህ?» አለችኝ። በስልኩ አልተከፋሁም፤ እንዲያውም ትክክለኛ መሆኔን መሰከረልኝ። ጥቂት ቆይታ ግን «ለምን በ11 ታበዛለህ?» ስትል ጠየቀችኝ። የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን መሆኑን፣ ልዩነቱም 11 እንደሆነ ነገርኳት። ራሷ ቀንሳ አረጋገጠች። «በላህ ወይ? መድኃኒትህን ዋጥህ ወይ?» ከሚለው ሌላ ጥያቄ በዚህ ቤት ከተጠየቅሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ስለዚህ አደራዬ አጭር ነው። አባት እናቶቻችሁን ስለ ጤናቸው መጠየቃችሁን ሳትተዉ፣ የሚያውቁትን አንድ ነገር እንዲያስተምሯችሁ ጠይቋቸው፤ ጠላ አጠማመቅም ይሁን ቅኔ። እኛ ሽማግሌዎችም ጠያቂ ጠፋ ብለን ማኩረፉን ትተን ደብተራችንን እንግለጥ። የወዳጄ ደብተር አይመለስም። የእኔ ግን አሁንም ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የ2019ኙን መደብ የልጅ ልጄ በእጇ ጽፋበታለች።

ቸር ይግጠመን።