ከከበሮ ወደ ዲስክ፦ የአንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ፍሬንና የዓባይ በረሃ ቁልቁለት



ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት። ከፋሲሎ ተነሥቼ ወደ ጣና ዳር ስሄድ ፍሬኔን የሚፈትነው ባጃጅና ብስክሌት እንጂ ቁልቁለት አይደለም። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራችው ቮልስዋገኔ ለዓመታት አንዳች ጉድለት አላሳየችኝም። ጉድለቷ የተገለጠው ደጀንን አልፌ ዓባይ በረሃ ስወርድ ነው። ከግማሽ መንገድ በኋላ ፔዳሉ ከወትሮው እጅግ ጠልቆ ካልገባ መያዝ ተወ።

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ አጭር ስሌት ይበቃል። ከደጀን እስከ ድልድዩ ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 1,300 ሜትር ይጠጋል። መኪናዋ አራት ሰው ጭና 1,100 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። ይህን ሁሉ ስትወርድ የምታጣው የከፍታ ጉልበት 14 ሜጋ ጁል ያህል ነው። በባሕር ዳር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ይኸው ጉልበት 20 ዲግሪ የነበረ 45 ሊትር ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ሞተሩና አየሩ ይወስዱታል፤ የቀረው በአራቱ ጎማዎች ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀመጣል።

የከበሮ ፍሬን ይህን ሙቀት የሚይዘው ተሸፍኖ ነው። ከበሮው ሲግል ወደ ውጭ ይሰፋል፤ ከውስጥ የሚገፋው ሸራ የሚደርስበትን ገጽ እየሸሸ ይሄዳል፤ ፔዳሉም ይጠልቃል። ዲስክ ግን በአየር መካከል የሚሽከረከር በመሆኑ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ ሲግልም ውፍረቱ ወደ ሸራው ይጨምራል እንጂ አይሸሽም። በክረምት በጎርፍ መንገድ ስናልፍ ደግሞ ውሃውን አሽቀንጥሮ ይጥላል። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው 1500 ሞዴል ላይ በአውሮፓ ገበያ የፊት ዲስክ ገጥሟል። ነገር ግን የፊት እግሩ አሠራር ከኔዋ ስለሚለይ ዕቃው እንዳለ ተነቅሎ አይገጠምላትም። የቸርኬ ብሎን ቁጥርም ይለያል፤ የኔዋ አምስት ነው። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን እዩ።

እኔ ለዓመተ ምሕረቷ የሚስማማ ዕቃ አግኝቼ በአንድ ጋራዥ አስገጠምሁ። ወጪ ለመቆጠብ ብዬ ግን አሮጌውን ዋና ሲሊንደር አላስቀየርሁም። የዛሬው ንግግሬ ዋና ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የሚቀየረው አንድ ዕቃ ሳይሆን አንድ ሥርዓት ነው። ለከበሮ የተሠራው የኔ ሲሊንደር ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላም በቱቦው ውስጥ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ ነበረው። ለከበሮ ይጠቅማል፤ ሸራውን የሚመልስ ብርቱ ሞላ አለውና። ዲስክ ግን እንዲህ ያለ ሞላ የለውም፤ ያቺ ጥቂት ግፊት ሸራውን ከዲስኩ ጋር እንዳጣበቀች ታቆየዋለች። ከተማ ውስጥ ጥቂት ዞሬ ስመለስ የፊት ቸርኬዎች እጅ አያስነኩም ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ቤተሰቤን ይዤ ወደ አዲስ አበባ ልሄድ አስቤ ነበርና፣ ቸርኬውን በእጄ ባልዳስስ ኖሮ ዓባይ በረሃ የምገባው ፍሬኔ አስቀድሞ ግሎ ነበር።

ብዙ ተማሪ የሚስተው ሌላ ጉዳይ አለ። በከበሮ ውስጥ የፊተኛው ሸራ በከበሮው መዞር ራሱ እየተጎተተ ይበልጥ ይጫናል፤ እግራችንን ያግዛል። ዲስክ ይህ እገዛ የለውም። ስለዚህ የበለጠ ግፊት ይፈልጋል፤ ለካሊፐሩ ፒስተን ደግሞ የበለጠ ዘይት ያስፈልጋል። ሁለቱ ይጋጫሉ፦ የሲሊንደሩን ውስጣዊ ስፋት ከ19 ወደ 22 ሚሊ ሜትር ብናሳድግ ዘይቱ ይበዛል፤ በዚያው የእግር ጉልበት የሚገኘው ግፊት ግን በሩብ ያህል ይቀንሳል። መካከለኛውን መምረጥ የመሐንዲሱ ፋንታ ነው። የኋላው ከበሮ እንዳለ መቆየቱ ቅር አላሰኘኝም። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ የኋላ ጎማዎቿ ፍሬን ሲያዝም በቂ ክብደት ይቀርላቸዋል።

በመጨረሻ ያስገጠምሁት ባለ ሁለት መስመር ዋና ሲሊንደር ነው፤ አንዱ ቱቦ ቢፈስ ሌላው ይይዛል። በቀድሞው ግን አንድ ቀዳዳ አራቱንም ጎማ ያለ ፍሬን ያስቀር ነበር። የፍሬን ዘይቱንም ቀየርሁ። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል እንጂ አይገፋም።

ከእናንተ አንዱ ከንግግሩ በፊት፣ «ከእንግዲህ በሦስተኛ ማርሽ መውረድ ይቻላል?» ብሎ ጠይቆኛል። እኔ አሁንም በሁለተኛ ነው የምወርደው፤ 14ቱ ሜጋ ጁል አልቀነሰም። በሚቀጥለው ጉዞ የዲስኩንና የከበሮውን ሙቀት በየኪሎ ሜትሩ መለካት እፈልጋለሁ። ለሦስት ተማሪ ቦታ አለ፤ አራት ስንሆን ክብደታችንም ከስሌቱ ጋር ይገጥማል።